የመፀው ጓሮ በጥቅምት ጅረት አይለካ

መስከረም ሲጠባ በምሥራቅ ጎጃም የአማኑኤል አካባቢ ገበሬ ዐይኑን የሚጥለው በጤፉና በስንዴው ላይ ነው። የጓሮው መሬት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ከተጠረገ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን የአፈሩ እርጥበት አልቋል፤ ጅረቱም ቀጥኗል።

ስለ መፀው ጓሮ ሲነሣ ዘወትር የሚጠየቀው «ምን ይተከል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ መመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በየካቲት የሚጠጣው ውኃ ምን ያህል ነው?» የሚለው ነው። ከጮቄ ተራራ የሚነሣው ጀደብም ሆነ ትንንሾቹ ጅረቶች በጥቅምት እንደሚታዩት ሆነው በየካቲት አይገኙም። በጥቅምት ውኃ ተለክቶ የተተከለ ሰፊ መደብ በየካቲት ይጠወልጋል። ከላይ ያለው ቦዩን ሲዘጋ ከታች ያለው ይከስራል፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ይጣላል። ስለዚህ ለመፀው የሚመረጠው አትክልት ውኃው ሳይሸሽ የሚደርስና ውርጭን የሚችል መሆን ይኖርበታል።

በዚህ መለኪያ ቀዳሚው የሐበሻ ጎመን ነው። ዘሩ ከገበሬው እጅ አይጠፋም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ቅጠሉ ይለቀማል። በመስከረም አጋማሽ የተዘራው ኅዳር 15 ቀን ለሚገባው ለጾመ ነቢያት ይደርሳል። ቆስጣና ሰላጣም ሁለት ወር ያህል ይበቃቸዋል። ቀይ ሥር ሦስት ወር፣ ካሮት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋሉ። ካሮት ችግኙ አይዛወርም፤ በመደቡ ላይ በቀጥታ ተዘርቶ ሲበቅል ይሳሳል። ጥቅል ጎመን ችግኙ በመስከረም ከተፈላና ከአንድ ወር በኋላ ከተዛወረ ለዐቢይ ጾም ገበያ ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርት ከአራት እስከ አምስት ወር ስለሚቆይ ከጥቅምት መጀመሪያ ባያልፍ ይመረጣል። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ፀደይ 92» የታወቀ ዝርያ ነው። ሥሩን የሚያበሰብሰው በሽታ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ በሽታው በታየበት መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ መትከል አይገባም።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይቃጠላሉ። እነዚህ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ የማይደርቅ ውኃ ባለበት ብቻ ቢተከሉ ይሻላል።

ቀይ ሽንኩርት ገንዘብ ያመጣል የሚሉ አሉ፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ችግኙ ሁለት ወር ገደማ፣ ከተዛወረም በኋላ አራት ወር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ሁሉም እርሱን ብቻ ሲተክል ምርቱ በአንድ ሳምንት ገበያ ላይ ይፈስሳል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ጓሮ አስቀድሞ የቤተሰብን ወጥ ድስት፣ ቀጥሎ ገበያን ማየት አለበት።

የአፈሩም ነገር አይዘነጋ። በማቻከል ብዙው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ቀይ ሥርና ሽንኩርት ይቀጭጫሉ። ኖራ ከተገኘ በመጠኑ፣ ካልተገኘም የምድጃ አመድና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ጓሮውን ያድሱታል። በብቸና በኩል ባለው ዋልካ አፈር ደግሞ መደቡን ከፍ ማድረግ ያሻል፤ ካሮትም በዋልካ ውስጥ ሥሩ ስለሚጣመም ለስላሳ ቦታ ሊመረጥለት ይገባል።

ይህ ሁሉ የአንድ ገበሬ ሥራ ብቻ አይደለም። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በየዓመቱ የካቲት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ጅረቱን ተከትለው ቢሄዱ፣ ውኃው ስንት መደብ እንደሚችል ያውቃሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ተጠቃሚዎች ተደራጅተው ውኃን በሥርዓት እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል። የውኃው ተራ ገና ጅረቱ ሞልቶ ሳለ ይደልደል፤ ሲጎድል መደልደል ጠብን መጥራት ነው። ዘር በነሐሴ በኅብረት ተገዝቶ የማለፊያ ቀኑ ይታይ። ጓሮውን ከማንም ይልቅ የሚኮተኩቱትና የሚያጠጡት ሴቶች በመሆናቸው በስብሰባው ላይ ተገኝተው ሊወስኑ ይገባል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሁሉ፣ ለመፀው ጓሮም ቀበቶ የሚጠብቀው ከመስቀል በፊት ነው።