ፍጥነት ብቻውን ዳኛ አይሆንም

ፕሮግራም የምንጽፍ ወጣቶች አንድ ልማድ ይዞናል፤ ፈጣን የተባለውን ሁሉ ያለጥያቄ መከተል። ፋይል ስናነብም እንዲሁ ነን። “ኤምማፕ እያለ ሪድ ለምኔ?” እንባባላለን።

ክርክሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው መልቲክስ ፋይልን የሚያየው እንደ ሜሞሪ አካል ነበር። በ1969 የተጀመረው ዩኒክስ ግን ፋይልን እንደ ቦይ ውኃ ተከታትሎ የሚፈስ ባይት አደረገው። ስለዚህም አንዱ ሪድ ከፋይልም፣ ከኪቦርድም፣ ከፓይፕም ያነባል። ፓይፕን ግን ሜሞሪ ላይ መዘርጋት አይቻልም።

ኤምማፕ ጥቅም የለውም አንልም። ዳታው ከከርነል ወደ ፕሮግራማችን መገልበጡ ይቀራል፤ ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ላይብረሪ የሚጋሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። ጉዱ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ዲስክ ሲበላሽ ወይም ፍላሽ ሳይታሰብ ሲነቀል፣ ሪድ ስህተቱን ይነግረናል፤ እኛም መላ እንፈልጋለን። በኤምማፕ ግን ተራ በምትመስል የኮድ መስመር ላይ ሲግባስ የሚባል ሲግናል ዱብ ይላል፤ ካልተዘጋጀንበት ፕሮግራሙ እዚያው ይሞታል። ተጠቃሚው ያላስቀመጠው ሥራም አብሮ ይሄዳል።

ሞንጎዲቢ እንኳ በኤምማፕ ላይ ያቆመውን የቀድሞ ማከማቻውን በ2019 ከወጣው 4.2 እትሙ ጨርሶ አስወጥቶታል።

እኛ የምንለው ይህን ነው፤ መነሻችን ሪድ ይሁን። ኤምማፕን የምንመርጠው ለክተን ልዩነቱን ስናይና ለሲግባስም መልስ ስናዘጋጅ ይሁን። የሰው ዳታ አደራ ነው፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል።