ፊርማ ሁሉ ፈቃድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2023 የፈነዳው ጦርነት ብዙዎችን እስኪበትን ድረስ፣ የካርቱሟ ጀሪፍ የበርካታ ሐበሾች መጠለያ ነበረች። መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ፣ አጥኚ መጥቶ «ፈርም» ቢለው ምን ያስባል? እምቢ ቢል እርዳታ የሚቀርበት፣ ቢፈርም ስሙ ፖሊስ ዘንድ የሚደርስ ይመስለዋል። በፍርሃትና በተስፋ መካከል የተገኘ ፊርማ ለአጥኚው መከላከያ እንጂ ለተጠያቂው ከለላ አይሆንም። ሐኪሞች በሰው ላይ የፈጸሙት ግፍ የወለደው የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ፣ ፈቃድ ከማናቸውም ግፊት ነጻ ይሁን ብሏል። እንግዲያስ ስደተኛው በሚሰማው ቋንቋ ይጠየቅ፤ ስሙ ሳይጻፍ በቃሉ ይፍቀድ፤ እምቢታው ዋጋ አያስከፍለው፤ የጥናቱም ውጤት ይነገረው። ይህን የማያሟላ ጥናት፣ መዝገቡ በፊርማ ቢሞላም፣ የሰው መከራ መዝረፍ ነው።