ስማቸው ያልተጻፈ እጆች

በደቅ ደሴት፥ በናርጋ ሥላሴ ውስጥ፥ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። ቤተ ክርስቲያኑን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሳነጹት እርሳቸው መሆናቸው የታወቀ ነው። ቀለሙን በጥብጦ ሥዕሉን የሣለው ግን ማን ነው? የጥንት ሠዓሊ ስሙን የሰወረው ስለ ትሕትና ነው ይባላል፤ ይህን አልቃወምም። የዛሬውን ግን ስም የነሣነው እኛ ነን።

በባሕር ዳር በጠጉር ቤቱ በር ላይ የተሣለው ጎፈሬ፥ በሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቆመው ቀይ በሬ፥ በባጃጁ ጀርባ የተጻፈው ምክርና ቀልድ የእነማን ሥራ እንደ ሆነ የጠየቀ ተማሪ አላየሁም። አንዳንዶች እንዲያውም ከተማ ማቆሸሽ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። የበሬው ሻኛ ከልክ ያለፈ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሠሪው በሬ አይቶ ሣለ እንጂ ከሌላ ሥዕል አልገለበጠም። አሁን በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ የሚታተመው ባነር እንጀራውን እየወሰደበት ነው።

ደንገል አጭደው ታንኳ የሚያስሩትም እንዲሁ ናቸው። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ የታንኳ ዕድሜ አጭር ነው፤ ከሥራቸው የሚቀር ነገር የለም።

ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ከመጽሔታችን ሁለት ገጽ ለእነርሱ ይለይ እላለሁ። ሠሪዎቹን ጠይቀን፥ ሲፈቅዱ ስማቸውን እንመዝግብ፤ ስሜ አይውጣ የሚል ቢኖር ሥራው ብቻ ይውጣ። ፎቶግራፉን በስልክ ማንሣት ይቻላል። ከሥጋ ቤቱ ብንጀምር ይሻላል፤ ግድግዳው መላላጥ ጀምሯል።