በባዕድ አገር ስለሚከፈት ሥራ

በጀርመን አገር የምትኖር ልጃቸው የፀጉር ሥራ ቤት ለመክፈት ገንዘብ ስለ ጠየቀቻቸው፣ ቤታቸውን ሸጠው ለመላክ ያሰቡ ወላጆች ምክራችንን ጠይቀዋል። ሹሩባዋ የሚመሰገን መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን በዚያ አገር ደንብ ባለቤቲቱ ወይም ቀጥራ የምታሠራው ኃላፊ «ማይስተር» የሚባለውን ከፍተኛ የሙያ ፈተና ያለፈ ሊሆን ይገባል። የሕንፃ ጽዳት ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ግዴታ ስለ ተነሣለት፣ ተመዝግቦ ሊጀመር ይቻላል፤ ባልዲና መጥረጊያም ከመስተዋትና ከወንበር ይልቅ ርካሽ መሆኑን እናቶች ያውቁታል። ለሁለቱም ሥራ ቢሆን የመኖሪያ ፈቃዷ በግል መሥራትን የሚፈቅድ ሊሆን ያስፈልጋል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ቤቱን ለገዢ ከማሳየታችሁ አስቀድማ የፈቃዱን ግልባጭ ትላክላችሁ። ማይስተር አግኝቼአለሁ ብትል፣ የወር ደመወዙን ጨምራ ትጻፍላችሁ።