ውድድሩ አልሞተም፣ ፈቃዱ ነው የሄደው

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብዬ ስለ ቴኒስ ልጽፍ ነው፤ ታገሡኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሳን ሆዜ ኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። በትልቁ አዳራሽ፣ በኤስኤፒ ሴንተር በኩል ስናልፍ፣ «እዚህ ድሮ የቴኒስ ውድድር ነበር። ሰው መምጣት ሲያቆም ሞተ» አሉኝ። ዝም ብዬ አደረስኳቸው፤ ቲፑም ደህና ነበር። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ገዳዩ ተመልካች አይደለማ!

እኔ ያንን ውድድር የማውቀው ከውጭ ነው። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ማታ ጨዋታ ሲያልቅ ታክሲያችንን ደርድረን እንጠብቅ ነበር። አንዴ ብቻ ትኬት የተረፈው ደንበኛ ሰጥቶኝ ገብቻለሁ። የካናዳው ሚሎስ ራኦኒች ሰርቭ ሲያደርግ የኳሷ ድምፅ ጣሪያው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። የድሮ መሐንዲስ ነኝና ጨዋታውን ትቼ ጣሪያውን ሳይ አመሸሁ።

ቤት ገብቼ ታሪኩን ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ውድድሩ የተጀመረው በ1889 ነው፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት በተባሉበት ዓመት ማለት ነው። መጀመሪያ ሞንተሬይ፣ ዴል ሞንቴ የሚባለው ሆቴል ሜዳ ላይ። ከዚያ ሲዘዋወር ኖሮ፣ በርክሌይን፣ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ያለውን ካው ፓላስን ረግጦ በ1994 ሳን ሆዜ ገባ። አሜሪካ ውስጥ በዕድሜ የሚቀድመው ዛሬ ዩኤስ ኦፕን የምንለው ብቻ ነበር። ስሙም ለረጅም ዘመን የፓስፊክ ጠረፍ ሻምፒዮና ነበር፤ በኋላ ነው ኤስኤፒ ኦፕን የተባለው።

አነስተኛ ውድድር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ጆን ማኬንሮም አንድሬ አጋሲም አምስት አምስት ጊዜ ወስደውታል። አንዲ ማሪ በ18 ዓመቱ የመጀመሪያውን የኤቲፒ ዋንጫ ያነሣው እዚህ ነው፣ በ2006፣ በፍጻሜው ለይተን ሂዊትን አሸንፎ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ማኬንሮ፣ 47 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ፣ ከስዊድናዊው ዮናስ ቢዮርክማን ጋር የጥንዱን ዋንጫ በላ። አርባ ሰባት! እኔ ከዚያ ዕድሜ ሳልደርስ ሻንጣ ሳነሣ ወገቤን እይዛለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ። የወንዶቹ ቴኒስ ውድድሮች ደረጃ አላቸው፤ 250፣ 500፣ 1000 ይባላሉ፤ ቁጥሩ አሸናፊው የሚያገኘው ነጥብ ነው። ሳን ሆዜ 250 ነበር። በዚያው ሳምንት ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም 500 ያካሂዳል። እናንተ ተጫዋች ብትሆኑ የት ትሄዳላችሁ? የመጨረሻው ኤስኤፒ ኦፕን በ2013 ሲካሄድ ፌደረር ሮተርዳም ነበር፣ ናዳል ሳኦ ፓውሎ። ራኦኒች ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀ።

አለቀ ስላችሁ ግን ልብ በሉልኝ። የውድድሩ ባለቤት ሜምፊስ ከተማ ላይም 500 ውድድር ነበረው። የሜምፊሱ 500 ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄደ፤ የሳን ሆዜው 250 ደግሞ ወደ ሜምፊስ ተዛወረ። ሜምፊስም አልቆየም፣ በ2017 አበቃ። ቦታው ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ በ2022 ወደ ዳላስ ተሻገረ። በ2025 ዳላስ ወደ 500 አደገ። ሳን ሆዜ ላይ «አይረባም» የተባለው ፈቃድ ማለት ነው።

ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ይሄ ነገር አይገባችሁም? ሜዳሊየን እኮ ነው! ሳን ፍራንሲስኮ ከ2010 ጀምሮ አንዱን ሜዳሊየን በ250 ሺህ ዶላር ስትሸጥ፣ ሰው የገዛው መኪና አልነበረም። የገዛው ፈቃድ ነው። መኪናው ያረጃል፣ ሹፌሩ ይታመማል፣ ደንበኛው ይለወጣል፤ ዋጋ የሚወጣለት ወረቀቱ ነው። እኔ ያኔ ያልገዛሁት ብልህ ስለነበርኩ ሳይሆን ብር ስላልነበረኝ ነው። ቴኒሱም እንዲሁ። በዓመት ውስጥ ያሉት ሳምንታት የተቆጠሩ ናቸው፤ ፈቃዱም የተቆጠረ ነው። ባለቤቱ የያዘው ሳምንቱን ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ዋጋ አልተተመነለትም፤ ሜምፊስም አልሄደ፣ ዳላስም አልሄደ። መንገድ ላይ ቀረ።

«ባለቤቱ እየከሰረ ይቀጥል ወይ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ትክክል ነው፣ መጨረሻ አካባቢ ባዶ ወንበር አይቻለሁ፤ እኛም ተሳፋሪ አጥተን በባዶ የተመለስንበት ማታ ነበር። ባለቤቱን ሌባ አላልኩም፤ በደንቡ ነው የሠራው። እኔ የምቃወመው ደንቡን ነው። ባርሴሎና ውስጥ በ1953 የተጀመረውን ውድድር የሚያካሂደው የከተማው የቴኒስ ክለብ ነው፤ ዛሬም እዚያው ሜዳው ላይ ነው። ቢያንስ አንድ ውድድር ሃምሳ ዓመት ከቆየ፣ ባለቤቱ ልሂድ ሲል መጀመሪያ ለከተማው ወይም ለአካባቢው ክለብ «ግዙኝ» ማለት ቢገደድ ምን ይጎዳል? ሰው ቤት ተከራይቶ ሲኖር እንኳ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል።

ሴቶቹም ጋ ያው ነው። ስታንፎርድ ላይ ለብዙ ዓመት የኖረው የሴቶች ውድድር በ2018 ወደ ሳን ሆዜ መጥቶ ደስ ብሎን ነበር። ከ2022 በኋላ እሱም ተነሥቶ ዋሽንግተን ካለው ጋር ተቀላቀለ። የዲሲ ልጆች፣ እናንተ ጋ ነው ያለው፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ፤ ሂዱና እዩልን።

አዳራሹን በተመለከተ ደግሞ፣ ያኔ ስሙ ኤችፒ ፓቪሊዮን ነበር። ኤስኤፒ የሚለው ስም ሕንፃው ላይ የወጣው በዚያው በ2013፣ ቴኒሱ በሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ።

ኤርፖርት ተራዬ ደርሷል፤ ኮመንታችሁን ማታ አያለሁ።