ቀስ ብሎ መንዳት፣ ቀስ ብሎ ማውራት



በቅርቡ አንድ ተማሪ በደብተሩ ላይ «እሁድ ባሕር ዳር ሄጄ ብስክሌት ነዳሁ» ብሎ ጻፈልኝ። «መቼ አገር ቤት ደርሰህ መጣህ?» ብዬ ብጠይቀው ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ለካ እሱ የሚለው የሳንታ ሞኒካን ባሕር ዳር ነው! ልጁ አልተሳሳተም። ከተማችን ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው በጣና ዳር በመሆኗ ነው፤ ብስክሌትም በብዛት ይነዳባታል።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከሁለት መስመር በላይ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ያን ዕለት አንድ ገጽ ሞላ። ስለ አሸዋው፣ ስለ ነፋሱ፣ ዳቦውን ስለነጠቀችው የባሕር ወፍ ጻፈ። ለምን? የሚነግረኝ ነገር ስለነበረው ነዋ!

እኛ ወላጆች «ልጆቻችን አማርኛ አይናገሩም» እያልን እናማርራለን። ከአያታቸው ጋር በስልክ ስናገናኛቸው «ደህና ነኝ» ይሉና ስልኩን መልሰው ይሰጡናል። በኔ አስተያየት ችግሩ የቃላት እጥረት ብቻ አይደለም። በአማርኛ ያዩትና በአማርኛ የሳቁበት ነገር ስለሚያንሳቸው ነው። ይህን ደግሞ ትምህርት ቤታችን ብቻውን ሊሞላው አይችልም።

ሎስ አንጀለስ የምንኖር ሰዎች ደጃችን ላይ የማይከፈልበት ክፍል አለን። የማርቪን ብሮዲ የብስክሌት መንገድ ይባላል፤ ስሙ የቀድሞ የከተማው ምክር ቤት አባል መታሰቢያ ነው። ከፓሲፊክ ፓሊሴድስ እስከ ቶራንስ ባሕሩን ተከትሎ 22 ማይል፣ ማለትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። አብዛኛው ሜዳና መኪና የማይገባበት ነው። በ1909 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተውን የሳንታ ሞኒካ ፒር ታልፋላችሁ፤ ከዚያ ቬኒስ ይመጣል። ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ ዶክዋይለር ላይ ከኤርፖርቱ የተነሱት አውሮፕላኖች በራሳችሁ ላይ አልፈው ወደ ውቅያኖሱ ይሄዳሉ። «ይሄኛው አያቴ ጋ ነው የሚሄደው?» የሚል ጥያቄ እዚያ ይመጣል። ጨዋታ ማለት ይኼ ነው።

«ጊዜ የለንም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድም ሥራ እንገባለን። ግን 22ቱን ማይል ማን ጨርሱ አላችሁ? ከፒሩ እስከ ቬኒስ 3 ማይል ያህል ቢሆን ነው። ልጁን ለቆ መኪና ውስጥ ስልክ መነካካት ግን አይቆጠርም። ብስክሌት የማትችሉም ከልጆቻችሁ ተማሩ። «እማዬ፣ ሚዛንሽን ጠብቂ! ፍሬን ያዢ!» እያለ የሚያስተምር ልጅ በዚያች ሰዓት የሚያወጣውን አማርኛ እኔ በአንድ ወር አላስተምረውም።

አትሽቀዳደሙ፤ በእሽቅድምድም ወሬ የለም። ልጆች፣ መሪውን፣ ኮርቻውን፣ ጎማውን፣ ሞገዱን በአማርኛ እየጠራችሁ ሂዱ፤ ስሙ የጠፋባችሁን ጠይቁ። ወላጆች፣ በየቃሉ አታርሟቸው፤ ወሬው ይቋረጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል። መንገዱ ላይ የተበተነ አሸዋ ያንሸራትታል፣ ተጠንቀቁ። ሄልሜት ደግሞ በካሊፎርኒያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ላለ ሁሉ ግዴታ ነው።

ማታ ለአያቶች ደውሉ፤ እዚያ ጠዋት ነው። ከ«ደህና ነኝ» በኋላ ምን እንደሚከተል አዳምጡ። ልጆች፣ እናንተም የነገራችኋቸውን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡልኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛ አማርኛ ደግሞ በብስክሌት ይሂድ!

መልካም ሰንበት።