ማን ማንን ይዟል?

ሰኞ፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ቤታችን ውስጥ ሁለት ሰው ነቅቷል። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ ጋቢዬ ውስጥ ተጠቅልያለሁ። እናቴ ደግሞ ዕለቱ ኪዳነ ምህረት ነውና ነጠላዋን አጣፍታ ለቤተ ክርስቲያን ትሰናዳለች። ሳሎኑን አቋርጣ ስታልፍ አንድ ረጅም ልጅ መሬት ተደፍቶ ወለሉን በመዳፉ ሲደበድብ አየችና ቆመች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እግሩ ነው፣ እማዬ። ጅማቱ ሳይበጠስ አይቀርም።»

«ማን መታው?»

«ማንም አልነካውም።»

«በስመ አብ!» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ልጁ ቲሪስ ሃሊበርተን ነው፤ የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን የኢንዲያና ፔሰርስ ጨዋታ አቀጣጣይ። በሰባተኛውና በመጨረሻው የፍፃሜ ጨዋታ፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ፣ ከሩቅ ሦስት ጊዜ አስገብቶ 9 ነጥብ ይዞ ሳለ የቀኝ እግሩ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር 103 ለ 91 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ከጥቂቶቹ የቅርጫት ኳስ ወዳጆቼ ጋር (ቁጥራችን ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም) ክርክራችን አንድ ሆኗል። ልጁ ባይጎዳስ?

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ዓመት ሙሉ ሲያናድደኝ የከረመ ሌላ ጥያቄ አለ። «ከእገሌና ከእገሌ ማን ይበልጣል?» የሚለው። ሌብሮን ወይስ ጆርዳን፣ ዮኪች ወይስ ጊልጀስ-አሌክሳንደር፣ ሉካ ወይስ ቴተም። ማኪያቶ ሲጠጡ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ፕሌይኦፍ ሲመጣ ግን ለምንም አይጠቅምም። በፕሌይኦፍ የሚጠየቀው ማን ማንን ይዟል፣ ከአምስቱ ውስጥስ ሰውን መያዝ የማይችለው ማን ነው የሚለው ነው።

ለእግር ኳስ ሰው ላስረዳ። የአሜሪካው ሊግ 82 ጨዋታ አለው። ዛሬ ሚልዋኪ፣ ከነገ ወዲያ ማያሚ፤ ተጋጣሚህን በቅጡ ሳታጠናው አልፈኸው ትሄዳለህ። ፕሌይኦፍ ሲገባ 16 ቡድን ይቀራል፤ ደርሶ መልሱም ሁለት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ሰባት ይሆናል፤ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ከአንድ ቡድን ጋር ሁለት ሳምንት ፊት ለፊት። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ተጋጣሚህ በየትኛው እጅህ እንደምትሄድ ብቻ ሳይሆን ሲደክምህ የትኛው ትከሻህ እንደሚወድቅ ጭምር ያውቀዋል። ድካምህን አንዴ ካወቀው ደግሞ አይለቅህም። አሜሪካኖቹ ይህን «አደን» ይሉታል፤ ቃሉ ልክ ነው።

አደኑ እንዲህ ነው። ኳስ የያዘውን ሰው ጎበዝ ተከላካይ ይዞታል እንበል። አጥቂው ጎበዙን ለማለፍ አይደክምም። ይልቁንም ደካማው ተከላካይ የያዘውን ጓደኛውን ይጠራል፤ ጓደኛው መጥቶ እንደ ምሰሶ ይገተራል፤ ተከላካዮቹ ሰው እንዳይለቁ ሲሉ ይቀያየራሉ። ስክሪንና ስዊች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በዓይን ጥቅሻ ጎበዙ ሄዶ ደካማው ፊትህ ቆሟል።

በ2016 (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የክሊቭላንድና የጎልደን ስቴት ሰባተኛ ጨዋታ 89 ለ 89 ነበር። ሁሉ የሚያስታውሰው ሌብሮን ጄምስ ከኋላ ደርሶ የኢጉዳላን ኳስ ከቦርዱ ጋር ሲያጣብቀው ነው። ይገባዋል፣ እኔም ስንት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ። ዋንጫው ያለው ግን ከዚያ በኋላ በመጣችው ደቂቃ ውስጥ ነው። የክሊቭላንዱን ካይሪ ኧርቪንግን የያዘው የጎልደን ስቴቱ ክሌይ ቶምፕሰን ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ የዳር ተከላካዮች አንዱ። ጄ አር ስሚዝ መጣና ቆመለት። ስሚዝን የያዘው ስቴፈን ከሪ ነበር። ተቀያየሩ። ካይሪ ከከሪ ጋር ብቻውን ቀረ፤ ጥቂት አንጥሮ ወደ ጎን ፈንጠር አለና ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጪ ወረወረ፤ ገባች። 53 ሰከንድ ቀርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚያቆሙት ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚያወሩት። ጎልደን ስቴት ኳሷን ሲያገኝ ያደረገው ምንድን ነው? ያንኑ! እሱም የክሊቭላንድን ደካማ ተከላካይ ኬቨን ላቭን በስዊች ጎትቶ ከሪ ፊት አቆመው። ረጅምና ከባድ ሰው፣ በዓለም ምርጥ ከሆነው ተኳሽ ፊት፣ ሜዳው መሃል ብቻውን። ከሪ ወደ ቀኝ አለ፣ ወደ ግራ አለ፤ ላቭ አልተላቀቀውም። ወረወረ፤ ሳተ። ጨዋታው 93 ለ 89 አለቀ። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱም ቡድኖች ወጥመዱን አጠመዱ፤ አንደኛው ያዘለት፣ ሌላው አልያዘለትም። በዚያ ዓመት 73 ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ያለ ዋንጫ ቀረ፤ ኬቨን ላቭን ግን ዛሬ ማን ያነሳዋል?

የሉካ ዶንቺችም ነገር ያው ነው። በ2024 በነጥብ የሊጉ አንደኛ ነበር፤ ዳላስን ለፍፃሜ አደረሰ። ቦስተን ግን ኳስ ባገኘ ቁጥር የሚፈልገው እሱን ነው፤ ጄለን ብራውን መጥቶ ደረቱ ላይ ይሄዳል፤ ደግሞ ይሄዳል። በሦስተኛው ጨዋታ አራት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ሉካ በስድስተኛ ፋውል ወጣ፤ ቦስተን 4 ለ 1 ጨረሰ። «ሉካ የቦስተኑን ቴተም ይበልጣል» ስትሉኝ የነበራችሁ ወዳጆቼ፣ እውነታችሁን ነው፤ ይበልጣል። ምን ረባው?

በ2025ም ወደ ሌከርስ ሄዶ ከሌብሮን ጋር ሲቀናጅ እኛ ሰፈር ዋንጫውን ያልሰጣቸው አልነበረም። ቡድኑ ግን ለፕሌይኦፍ የሚሆን ቁመታም የመሃል ሰው አልነበረውም። ሚኔሶታ በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 1 ሸኛቸው፤ በመጨረሻው ጨዋታ ነጥብ በማስቆጠር የማይታወቀው ሩዲ ጎቤር 27 ነጥብ አስቆጥሮ 24 የተመለሰ ኳስ (ሪባውንድ) ለቀመ። ይህን ለመገመት ኮከብ መቁጠር አያስፈልግም ነበር፤ ቀለበቱ ሥር ማን ይቆማል ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ 2025 ሻምፒዮን ልምጣ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ፍፃሜው ውስጥ አልነበረም፤ በሁለተኛው ዙር ኦክላሆማ ከዴንቨር ያደረገው ሰባተኛ ጨዋታ ነው። ኒኮላ ዮኪች 2 ሜትር ከ11 ነው፤ ኳስ የሚያልፍበትን መንገድ ከሁሉ ቀድሞ የሚያይ፣ ተከላካይን በጀርባው እየገፋ የሚያስገባ ሰርቢያዊ። ኦክላሆማ ሁለት ቁመታሞች ነበሩት፤ ሆልምግረንና ሃርተንስታይን። አሰልጣኙ ማርክ ዴግኖልት ግን ብዙውን ጊዜ ያቆመበት አሌክስ ካሩሶን ነው። 1 ሜትር ከ96! በ15 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ራሰ በራ ሰውዬ! ስክሪኑ ላይ ሳየው አሰልጣኙ ያበደ መስሎኝ ነበር።

አላበደም። ካሩሶ ዮኪችን ከኋላው ሆኖ አልያዘውም፤ ከፊቱ ቆመ። ኳሷ ሳትደርሰው ነው ትግሉ። እጅ ይይዛል፣ ወገብ ይገፋል፣ እግር ሥር ይገባል፤ ዳኛ ካላየው ማሊያም ይጎትታል። ኳሷን ከላይ አሻግሬ ልስጠው የሚል ካለ ደግሞ ከኋላ አንዱ ቁመታም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ዮኪች በዚያ ጨዋታ ወደ ቀለበቱ የሞከረው 9 ጊዜ ብቻ ነው፤ 20 ነጥብ ይዞ ወጣ፤ ውጤቱ 125 ለ 93። የዴንቨሩ አሮን ጎርደን ታፋውን ታሞ መጫወቱን መደበቅ ግፍ ይሆንብኛል። ያም ሆኖ ያንን ያህል ትልቅ ሰው ኳሷን እንዲለምናት ያደረገው ካሩሶ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1995 በምዕራቡ ፍፃሜ ዴቪድ ሮቢንሰን የዓመቱ ኮከብ ተብሎ ሽልማቱን ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት ሜዳ ላይ ሲቀበል የሂውስተኑ ሃኪም ኦላጁዎን ቆሞ ይመለከት ነበር። ሌጎስ ተወልዶ ያደገው፣ ከቅርጫት ኳስ በፊት እጅ ኳስ ይጫወት የነበረው ኦላጁዎን፣ በስድስቱ ጨዋታ በአማካይ 35 ነጥብ አስቆጠረበት። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ የሚወረውር መስሎ በሥሩ እየሾለከ፤ ሮቢንሰን አየር ላይ ይቀራል። ሂውስተን 4 ለ 2 አለፈ፤ ዋንጫውንም በላ። የዚያን ዘመን ሕግ ሰውህን ትተህ ሥፍራ እንድትጠብቅ አይፈቅድልህም ነበር፤ የተፈቀደው በ2001 ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚለይበት ጊዜ ነበር፤ «ማን ይበልጣል?» የሚለውም ያኔ ትርጉም ነበረው። ይናፍቀኛል፤ አይመለስም።

ወደ ፍፃሜው። እኔ የኢንዲያና ወገን ነበርኩ፤ የትንሽ ከተማ ቡድን ስለሆነ፣ ስለሚሮጥም። ሃሊበርተን በሚያዝያ ወር ስማቸው ሳይገለጽ ተጫዋቾች ተጠይቀው «ከሚገባው በላይ የተወደሰ» ብለው አንደኛ ያደረጉት ሰው ነው። እሱም በእያንዳንዱ ዙር በመጨረሻዋ ሰከንድ መለሰላቸው፤ በፍፃሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 0.3 ሰከንድ ሲቀር አስገብቶ 111 ለ 110 ሲያሸንፉ ጎረቤት እስኪነቃ ጮኼያለሁ።

ኢንዲያና የኦክላሆማው ኮከብ ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ላይ ያቆመው አንድሪው ኔምባርድን ነው። ሁለቱም ካናዳዊ ናቸው፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ለአንድ ቡድን ተጫውተዋል፤ ስለዚህ ኔምባርድ የጓደኛውን ተንኮል ያውቃል። ስልቱም ጥሩ ነበር፤ ሜዳውን ሙሉ እየተከተሉ ማድከም፣ በአራተኛው ሩብ እግሩ እንዲከዳው። በሦስተኛው ጨዋታ ሠራ፤ ኢንዲያና 2 ለ 1 መራ። በአራተኛውም እስከ መጨረሻው አምስት ደቂቃ ድረስ የሠራ መስሎ ነበር። ከዚያ ሼይ በቀረችው ጊዜ ውስጥ 15 ነጥብ አስቆጠረ፤ 111 ለ 104 አሸነፉ። 3 ለ 1 ሊሆን የነበረው 2 ለ 2 ሆነ።

በሌላው በኩል ያየሁት ይበልጥ ያሳስበኝ ነበር። ኢንዲያና አደኑን ሞክሯል፤ ከኦክላሆማ ተጫዋቾች ግን የሚታደን አጣ። ዶርትን ልሂድበት? ዶርት ግድግዳ ነው። ካሩሶን? አወራነው። ዊሊያምስን? ካሰን ዋላስን? ሼይ ራሱ እጁ ፈጣን ነው። አምስቱን አንድ በአንድ ብትቆጥር «ይሄኛውን» የምትለው የለም። ኦክላሆማ በሊጉ አንደኛ ተከላካይ ቡድን ሆኖ 68 ጨዋታ ያሸነፈው በዚህ ነው።

ስለ ጉዳቱ አንድ ነገር ልበል። ሃሊበርተን ባቱን በአምስተኛው ጨዋታ ታሞ ነበር፤ ታሞ ነው የተጫወተው። በ2019 የጎልደን ስቴቱ ኬቨን ዱራንትም ባቱን ታሞ ቆይቶ ሲመለስ ነው የተረከዝ ጅማቱ የሄደው። በ2025 ፕሌይኦፍ ብቻ የሚልዋኪው ሊላርድ፣ ቴተምና ሃሊበርተን ሦስቱም ይኸው ደረሰባቸው። (ሦስቱም ማሊያቸው 0 ቁጥር መሆኑን ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ጸበል ውሰዷቸው ትለኛለች።) ለሰባተኛ ጨዋታ ተቀመጥ ብትለው የሚቀመጥ ልጅ እንደሌለ አውቃለሁ። ለዚያ ነው ውሳኔው ለተጫዋቹ መተው የለበትም የምለው።

እንግዲህ ለወዳጆቼ ጥያቄ መልሴ ይኸው። ጉዳቱ ሰባተኛውን ጨዋታ ወስዶብን ይሆናል፤ ያለ እሱም እኮ እስከ እረፍት 48 ለ 47 እየመራን ነበር። ዋንጫውን የወሰደብን ግን አራተኛው ጨዋታ ነው። ሃሊበርተን ጤነኛ፣ ሜዳው የራሳችን፣ ምርጥ ተከላካያችን በምርጥ አጥቂያቸው ላይ ቆሞ ነው የተሸነፍነው።

ፕሌይኦፉ የሚመለሰው ሚያዝያ ላይ ነው። ለቻምፒዮንስ ሊግ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት የምታደርጉ የካፌ ባለቤቶች ሆይ፣ ከመካከላችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚከፍትልን አንድ ሰው ከተገኘ አምስት ደንበኛ ይዤ እመጣለሁ። በየሩቡ ማኪያቶ እናዛለን፤ ድምፁን ግን አታጥፉብን።